ሕዝብን ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው

ይህ ጽሑፍ ስለ እንግሊዝ ነው። ሹማምንቱ የእነሱ፣ ቁጥሩ የእነሱ፣ የዓመቱ አቆጣጠር እንኳ የእነሱው ነው። ሌላ አገር ያማሁ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ከገዛ ጆሮው ጋር ይጣላ እንጂ እኔን አይክሰስ።

ነገሬ አጭር ናት። ሕዝብ ስለ አንድ ጉዳይ አንድ ጊዜ ከተጠየቀ በቂው ነው። ደግሞ መጠየቅ ማድከም ነው፤ ያውም ሥራ ያለውን፣ ልጅ የሚያሳድገውን፣ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሰው። ድምፁን የሰጠ ድምፁን ሰጥቷል። የሰጡትን መልሱልኝ ማለት የጨዋ ልጅ ወግ አይደለም፤ ድምፅን ከሰጡ በኋላ ያለ ድምፅ መቀመጥ ነው የሚያምረው። የእንግሊዝ ሹማምንት ይህን ቀድመው ስለተረዱ ሕዝባቸውን ከሁለተኛ ጥያቄ አድነውታል። ውለታቸው ሳይመሰገን እንዳይቀር ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

ጁን 23 ቀን 2016 ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ሕዝባቸውን ጠየቁ፦ በአውሮፓ ኅብረት እንቆይ ወይስ እንውጣ? 17.4 ሚሊዮን ሰው «እንውጣ» አለ፤ 16.1 ሚሊዮን «እንቆይ»። በመቶኛ ሲሰላ 51.9 ለ48.1 መሆኑ ነው። መንግሥት አስቀድሞ 9.3 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥቶ፣ የወሰናችሁትን እንፈጽማለን የሚል በራሪ ጽሑፍ በየቤቱ ልኮ ነበር። የድምፅ መስጫው ወረቀት እጥር ምጥን ያለ ነው፤ ምልክት የሚደረግበት ሁለት ሳጥን ብቻ። በየትኛው በር እንደሚወጣ፣ ወጥቶ የት እንደሚታደር፣ አየርላንድን ለሁለት የሚከፍለው ድንበር ምን እንደሚሆን አይጠይቅም። ሕዝብን እንዲህ ባለ ዝርዝር ማስጨነቅ ክብሩን መንካት ነው። ዝርዝሩ የሊቃውንት ሥራ ነው። ሊቃውንቱም ዝርዝሩን አጥብቀው ማሰብ የጀመሩት ድምፁ ከተቆጠረ በኋላ ስለሆነ፣ ሕዝቡን ቀድመው ወሰኑ ተብለው አይታሙም።

ካሜሮን በማግስቱ ሥልጣን እንደሚለቁ ተናገሩ። ጁላይ 11 ቀን ደግሞ ወንበራቸውን መቼ እንደሚያስረክቡ ለጋዜጠኞች ነግረው ወደ ቤታቸው ሲገቡ፣ ዜማ ቢጤ ሲያንጎራጉሩ ማይክሮፎኑ ያዛቸው። ሸክም የወረደለት ሰው ቢያንጎራጉር ምን ያስገርማል? ሸክሙ በማን ጫንቃ ላይ እንዳረፈ ዜማው አልነገረንም።

ተረካቢዋ ቴሬዛ ሜይ ራሳቸው «እንቆይ» ካሉት ወገን ነበሩ። መንበሩን ሊይዙ ሲቃረቡ ግን «ብሬግዚት ማለት ብሬግዚት ነው» አሉ። ከዚህ የጠራ ማብራሪያ በየትኛውም መዝገበ ቃላት አይገኝም። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ሲገጥም በሁለት ስንኝ ይታለፋል፦

ፍቺ ይገባናል ብለው ቢሟገቱ፣
ፍቺው ሳይገባቸው ተበተነ ቤቱ።

ሰሙ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው። ወርቁን ለአንባቢ ትቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ማስረዳትም እንደ ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነውር ነውና።

«ይደገም» የሚለውን ነገር ማን ጀመረው ቢባል፣ የዋህ ሰው በተሸነፉት ላይ ጣቱን ይቀስራል። መዝገቡ ግን ሌላ ይላል። «እንውጣ» ባዩ ናይጀል ፋራዥ ገና ድምፅ ሳይሰጥ፣ በሜይ ወር 2016፣ «እንቆይ» ባዮች 52 ለ48 ቢያሸንፉ ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም ብለው ነበር። ልብ በሉ፤ ቁጥሩን አልሳቱም፤ የሳቱት 52ቱ የማን እንደሚሆን ብቻ ነው። ቁጥሩ ወደ እሳቸው ሲዞር ነገሩ ወዲያው አለቀ። ሌላው «እንውጣ» ባይ ጄኮብ ሪስ-ሞግም በ2011 በምክር ቤት ተነሥተው፣ ሁለት ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ይችላል፣ ሁለተኛውም ድርድሩ ካበቃ በኋላ ቢሆን ይሻላል ብለው መክረው ነበር። ከ2016 ወዲህ ያንኑ ምክር ሌሎች ሲያነሡት ግን ለመካሪው አልጣማቸውም።

የፊርማው ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ከድምፁ ቀን በፊት አንድ የ«እንውጣ» ደጋፊ፣ አሸናፊው ከ60 በመቶ በታች፣ የመራጩም ቁጥር ከ75 በመቶ በታች ከሆነ ይደገም የሚል አቤቱታ በፓርላማው ድረ ገጽ አስገባ። ወገኔ ይሸነፋል ብሎ ሰግቶ ነው። ወገኑ አሸነፈ፤ አቤቱታውን የፈረሙት ግን ባላጋራዎቹ ሆኑ፤ ቁጥራቸውም ከ4 ሚሊዮን አለፈ። ባለቤቱ አቤቱታዬን ቀሙኝ ብሎ አዘነ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ፣ «ይደገም» ባይ ወገን የሚባል በዓለም ላይ እንደሌለ አምኛለሁ፤ ያለው የተሸነፈ ወገን ነው።

አውሮፓም በዚህ በኩል አትታማም ማለት አይቻልም። ዴንማርኮች በ1992 የኅብረቱን የማስትሪክት ውል እምቢ አሉ፤ በዓመቱ ተጠይቀው እሺ አሉ። አየርላንዶች የኒስን ውል በ2001 እምቢ፣ በ2002 እሺ፤ የሊዝበንን በ2008 እምቢ፣ በ2009 እሺ። በየመካከሉ ማባበያ የሚሆን ማስተካከያ መታከሉ አይካድም። እሺ ካሉ በኋላ ግን ሦስተኛ የጠየቃቸው የለም። እምቢታ ይግባኝ አለው፤ እሺታ የሰበር ውሳኔ ነው። ግሪኮች በጁላይ 2015 የአበዳሪዎቻቸውን ቅድመ ሁኔታ ከመቶ 61 ሆነው እምቢ ሲሉ ደግሞ መንግሥታቸው ሁለተኛ ሊያደክማቸው አልወደደም፤ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ራሱ እሺ አለላቸው።

ከሁሉ የረቀቀው የእንግሊዞቹ ነው፤ ለካ የ2016ቱ ራሱ ሁለተኛው ኖሯል! አገሪቱ በ1973 ያለ ሕዝበ ውሳኔ ገባች፤ ጁን 5 ቀን 1975 የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት እንቆይ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ከመቶ 67ቱ እንቆይ አለ። ያን ጊዜ ማርጋሬት ታቸር የአባል አገሮች ባንዲራ ያለበት ሹራብ ለብሰው ለ«እንቆይ» ቀስቅሰዋል። እንግዲህ ከ41 ዓመት በኋላ የሚደገም ጥያቄ አዲስ ጥያቄ ነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚደገም ክህደት ነው። በሦስትና በ41 መካከል ወሰኑ የቱ ጋ እንደተተከለ የሚያውቀው ጠያቂው ብቻ ነው።

በሕዝብ ላይ አይደገምም ማለት፣ ሹማምንትም አይደግሙም ማለት አይደለም። ሜይ ምርጫ አልጠራም ሲሉ ከርመው በ2017 ጠሩ፤ በምክር ቤት የነበራቸውን አብላጫም አጡበት። ከብራስልስ ተደራድረው ያመጡትን ውል ጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ለእንደራሴዎች አቀረቡ፤ 432 ለ202 ወደቀ። ማርች 12 እንደገና አቀረቡ፤ 391 ለ242 ወደቀ። እኛ አገር ሽማግሌ የልጅቱን ቤተሰብ ደጅ ደጋግሞ ይጠናል፤ እሳቸውም ደጅ መጥናታቸውን አልተዉም። ይሄኔ አፈ ጉባኤው ጆን በርኮው ከ1604 ጀምሮ የነበረ ልማድ አንሥተው፣ ምክር ቤቱ የጣለው ያው ነገር ተመልሶ አይቀርብም አሉ። ሜይ ከውሉ ጋር ተያይዞ የነበረውን መግለጫ ነጥለው፣ ይህማ ያው አይደለም በማለት ማርች 29 ሦስተኛ አቀረቡ፤ 344 ለ286። ታዲያ በእነዚያው ወራት ሕዝቡንስ ሁለተኛ ብንጠይቀው የሚል ሲመጣባቸው፣ እንዲህ ማድረግ ሕዝብ በዴሞክራሲ ላይ ያለውን እምነት መሸርሸር ነው ይሉ ነበር። ሦስት ጊዜ የጠየቁ ሰው ሁለት ጊዜ የመጠየቅን ክፋት ቢያውቁ አይደንቅም።

እንደራሴዎቹም ከእሳቸው አልተሻሉም። ማርች 27 ራሳቸው ስምንት አማራጭ አቅርበው ስምንቱንም ጣሉ። ውሉ ለሕዝብ ይቅረብ የሚለው 268 ለ295 ቀረ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ ኤፕሪል 1፣ አራት አማራጭ አቅርበው አራቱንም ጣሉ፤ ለሕዝብ ይቅረብ የሚለው አሁን 280 ለ292 ሆነ። የጎደለው 12 ድምፅ ነበር። ጥቂት ቀደም ብሎ በለንደን አደባባይ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው «ጠይቁን» እያለ ተሰልፏል፤ እግሩ እንጂ ድምፁ ስላልተቆጠረ 12ቱን መሙላት አልቻለም። እንደራሴ በአምስት ቀን ሐሳቡን ቢለውጥ መመካከር ነው። ሕዝብ በሦስት ዓመት ቢለውጥ ግን መዋለል ነው፤ መዋለል ደግሞ ለትልቅ አገር አይበጅም።

ቦሪስ ጆንሰንም ቢሆኑ የሚወቀሱበት ነገር የለም። በፌብሩዋሪ 2016 ሁለት ጽሑፍ አሰናድተው ነበር፤ አንዱ እንድንወጣ የሚሟገት፣ ሌላው እንድንቆይ የሚለምን። ሁለቱንም አይተው «እንውጣ» የሚለውን አሳተሙ። ራስን ሁለት ጊዜ መጠየቅ የአስተዋይ ሰው ምልክት ነው፤ ለጠቅላይ ሚኒስትርነትም ሳያበቃቸው አልቀረም። በ2019 መንበሩን ሲይዙ፣ ነገር የሚደጋግመውን ምክር ቤት ለአምስት ሳምንት ዘጉት። ሴፕቴምበር 24 የጠቅላይ ፍርድ ቤት 11 ዳኞች በአንድ ድምፅ መዝጋቱ ሕገ ወጥ ነው አሉ። አሥራ አንዱም አንድ ጊዜ ነው የተጠየቁት፤ ጆንሰን ግን መልሳቸውን አልወደዱትም። በዲሴምበሩ ምርጫ 43.6 በመቶ ድምፅ አግኝተው ከ650 ወንበር 365 ወሰዱ፤ ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 አገሪቱ ወጣች። ሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ እናደርጋለን ሲሉ የተወዳደሩትም ፓርቲዎች በዚያው ቀሩ።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አበው። እንግሊዞች ተረቱን ሰምተውት አያውቁም፤ በተግባር ግን ከእኛ በልጠዋል። የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ከ24 ዓመት በታች የሆነው መራጭ በሰፊ ብልጫ እንቆይ ብሏል፤ ከ65 በላይ የሆነው እንውጣ። በ2014ቱ የስኮትላንድ ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ የሰጡ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ነበሩ፤ በ2016 ግን ያ ዕድሜ ልጅነት ነው ተባለ። እነዚያ ልጆች ዛሬ ጎልምሰው ግብር ይከፍላሉ። ቃሉ አልጠፋም።

ስኮትላንድን ካነሣሁ አይቀር፣ እዚያ የታየው ትምህርት አይጠገብም። በ2014 ከእንግሊዝ ከተለያችሁ ከአውሮፓም ትለያያላችሁ ተብለው ተነገራቸው፤ ከመቶ 55ቱ አንለይም አሉ። በ2016 ከመቶ 62ቱ በአውሮፓ እንቆይ ብለው ከሌላው ጋር ወጡ። ነገሩ ተለውጧልና እንደገና እንጠየቅ ቢሉ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2022 ያለ ዌስትሚንስተር ፓርላማ ፈቃድ አይቻልም አለ። ስለዚህ ለመጠየቅም መጀመሪያ ጠይቆ ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ፈቃጁ ደግሞ መልሱን የሚፈራው ነው፤ በዚህ ረገድ ሥርዓቱ የተሟላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚወጡት የአስተያየት ጥናቶች፣ መውጣቱ ስህተት ነበር የሚለው ሰው ቁጥር እንደበለጠ ያሳያሉ። ይህ ግን መጠየቅ አይባልም። ጠያቂዎቹ የጥናት ድርጅቶች ናቸው፤ መልሱን የሚሰሙትም እነሱው ናቸው።

ሰር ኪር ስታርመር በ2018 በሊቨርፑል በተደረገው የሌበር ፓርቲ ጉባኤ፣ ሕዝቡ እንደገና ቢጠየቅ «እንቆይ» የሚለው ምርጫ ከወረቀቱ አይሰረዝም ብለው ነበር፤ ጉባኤተኛውም ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበላቸው። በ2024 ተመርጠው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ ወደ አውሮፓ ነጠላ ገበያም ወደ ጉምሩክ ኅብረቱም አንመለስም ብለው ነው።