አምስተኛው ቅኝት፦ በወድ ኤል ሒለው የዘፈን ውድድር ታዳሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት

መግቢያ

ጣዕምን ላጥና ብሎ የሚነሣ ሰው ቦታ ሲመርጥ ሊጠነቀቅ ይገባል። ይህ ጥናት የተካሄደው ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበረ አንድ የሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ በምሥራቅ ሱዳን በወድ ኤል ሒለው ነው። «ወድ» በሱዳኖች አነጋገር «ልጅ» ማለት ሲሆን «ሒለው» የጣፋጭ ዘመድ ነው። የጣፋጭ ልጅ ስለ ጣዕም ካልተጠየቀ ማን ሊጠየቅ ነው?

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይጠልቃል። በሑመራ በኩል የሚወርደው ተከዜ በዚህ አካባቢ ሰቲት ይባላል፤ ውኃው ስሙን ቀይሮ ይሻገራል። ሰውም በደርግ ዘመን በስደት፣ ኋላም ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሯል። የሳተላይት ዲሽማ ከነጭራሹ ድንበር አያውቅም። ድንበር የሚያውቀው ድምፅ የሚላክበት አጭር ቁጥር ብቻ ነው። ከኢትዮጵያ በሚተላለፈው የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር የተወዳዳሪው «ኮዴን ጽፋችሁ ላኩልኝ» የሚለው ልመና በዲሽ በኩል ይገባል፤ የሱዳን ሲም ካርድ ግን መልሱን አያደርስም። እንግዲህ በወድ ኤል ሒለው ያለ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ያለው፣ ድምፅ የሌለው ታዳሚ ነው። የሙዚቃ ምርምር ከዚህ የነጻ ናሙና ከየት ያመጣል?

የታዳሚ ድምፅ አጭር ታሪክ

በትውፊታችን የቀደመው የታዳሚ ድምፅ የአፄ ገብረ መስቀል ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ ተከሉት፤ ደም እስኪፈስስ ድረስ ወጊም ተወጊም አላወቁም ይባላል። የዚህ ድምፅ አሰጣጥ ሦስት ባሕርያት አሉት። ሰጪው መስጠቱን አላወቀም፤ ተቀባዩ አልለመነም፤ በድምፅ አቈጣጠሩ ላይ ቅሬታ ያቀረበ የለም።

ቀጥሎ የመጣው የግንባር ድምፅ ነው። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ደስ ያለው ሰው ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ድምፁ በምስጢር አይሰጥም፤ በምስጢር ከተሰጠማ ሰጪው ገንዘቡን እንደጣለ ይቆጥረዋል። የለጠፈ በግጥም ይወደሳል፤ ያልለጠፈም አይረሳም፣ ግጥሙ ግን ሌላ ነው። ሱዳኖች በበኩላቸው ዘፋኝ ሲያስደስታቸው ተነሥተው ይጠጉትና እጃቸውን ከፍ አድርገው ጣታቸውን ያጮኻሉ። ይህ ካርድ አይቆርጥም።

ሦስተኛው የቴሌቪዥን ድምፅ ነው። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1956 ዩሮቪዥን የተባለውን የዘፈን ውድድር ጀመሩ፤ በዓመቱም ማንም ለገዛ አገሩ ድምፅ እንዳይሰጥ ደነገጉ። የሕጉ መኖር ራሱ ማስረጃ ነው፤ ሰው በጆሮው ብቻ ቢመርጥ ኖሮ ማን ይከለክለው ነበር? ግሪክና ቆጵሮስም ሕጉን አክብረው፣ ለራሳቸው የተከለከሉትን አሥራ ሁለት ነጥብ እርስ በርስ ሲሸላለሙ ኖረዋል። ጎረቤት ለክፉ ቀን ነው። አሜሪካኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካን አይዶል ጄኒፈር ሃድሰንን በ7ኛ ደረጃ አሰናበቷት። እ.ኤ.አ. በ2007 በትወናዋ ኦስካር ስትሸለም ሕዝቡ በስልክ አልተጠየቀም።

የእኛው አገር ሁኔታ

ወደ አገራችን ስንመለስ የኢትዮጵያ አይዶል ፈለቀ ኃይሉን በዳኝነት አስቀምጦ አገር አስፈራ፤ ባላገሩ አይዶል ዳዊት ጽጌን አሸናፊ አድርጎ ሰጠን፤ ፋና ላምሮትም ተከተለ። ዳኞች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉ አራት ቅኝቶች እንዳሉ ያስተምራሉ። ይህ ጥናት አምስተኛውን አግኝቷል፤ የትውልድ ቦታ። ተወዳዳሪ ከአራቱ በአንዱ ሲዘፍን ከቅኝት ሊወጣ ይችላል። «የእንትን ከተማ ልጅ ነኝ፣ ድምፃችሁን አትንፈጉኝ» ብሎ በአምስተኛው ሲገባ ግን እስካሁን ከቅኝት የወጣ አልታየም።

የመስክ ምልከታ

ጥናቱ የተደረገው አንዲት የአገራችን ሴት በከፈቱት ቡና ቤት ነው። ደንበኞቻቸው እትዬ ይሏቸዋል፤ እኛም እንዲሁ። ከሣር ዳሱ ጥላ ሥር ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር ጀበና፣ በገመድ አልጋው ላይ ደግሞ በብዛት ከጎንደር ለአጨዳ የመጡ ጎልማሶች አሉ። ጥግ ላይ ጎረቤታቸው ሐጂ ተቀምጠዋል፤ አማርኛ አይሰሙም። ለጥናቱ ያላቸው ዋጋም ከዚህ ይመነጫል። የሱዳን ዘፈን እንደ እኛው በአምስት ድምፅ ስለሚሄድ ዜማው አይጠፋቸውም፤ አምስተኛው ቅኝት ግን ፈጽሞ አይገባቸውም። የእኛ አገር ሰው ሱዳናውያኑን ዘፋኞች መሐመድ ወርዲንና ሰይድ ኸሊፋን ዓረብኛ ሳያውቅ ሲወድ እንደኖረው መሆኑ ነው።

በቴሌቪዥኑ የመጀመሪያው ወጣት ቀረበ። «የጎንደር ልጅ ነኝ» አለ። የገመድ አልጋው ባንድ አፍ «ይሄ ድምፅ ነው!» አለ። ልጁ ገና አልዘፈነም። ሲዘፍን ሐጂ ስኳራቸውን አማሰሉ።

ቀጥላ አንዲት ልጅ ወጣች። ስሟንና አገሯን ስትናገር ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ድምፁ ጠፋ፤ የተመለሰው ትዝታውን ስትጀምር ነው። የማን አገር ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ስላልነበረ የነበረው አማራጭ መስማት ብቻ ሆነ። ማንም አልተናገረም። አንዱ የያዘውን ሲኒ ወደ አፉ ሳያደርስ አቆየው። ሐጂ ተነሥተው ጣታቸውን አጮኹ። በዚህ መካከል ጀበናው ገነፈለ፤ ቡናው ፈስሶ ፍሙን አጠፋው። እትዬ አላዩም፤ ከአጠገባቸው የተቀመጠው ተመራማሪም ሱሪው እንደራሰ የተረዳው ዘፈኑ ሲያልቅ ነው። ከአፄ ገብረ መስቀል ወዲህ ሰጪው ሳያውቀው የተሰጠ ድምፅ ሲመዘገብ ይህ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም።

ዘፈኑ እንዳበቃ የመድረክ መሪው የልጅቱን አገር ደግሞ ተናገረ። የእኛ አይደለችም። «ጎበዝ ናት» አለ አንዱ፤ «ግን ገና ልጅ ናት።» ሌላው «ትንሽ ትጮኻለች» አለ። ሦስተኛው መተማ ወዳለ ወንድሙ ደውሎ ለጎንደሩ ልጅ ድምፅ የሚላክበት ካርድ እንዲሞላ ገንዘብ እንደሚያሻግር ነገረው። የቀሩትም ኪሳቸውን እየፈተሹ አዋጡ። ተመራማሪው ገለልተኛ በመሆኑ ያዋጣው ጥቂት ብቻ ነው።

ድምዳሜና ምክረ ሐሳብ

ጣዕም አለ። ዕድሜው አንድ ዘፈን ነው፤ የሚሞተውም የትውልድ ቦታ ሲነገር ነው። የዩሮቪዥንን ሕግ እንዋስ የሚሉ ይኖራሉ፤ ጎንደርና ደሴ ግሪክና ቆጵሮስ ይሆናሉ እንጂ ለውጥ አይመጣም። የሚሻለው በየተመልካቹ ፊት ጀበና ጥዶ የገነፈለውን መቁጠር ነው። ይህም ቢሆን የሚሠራው የቡና ነጋዴ ስፖንሰር እስኪሆን ድረስ ብቻ ነው።

የቀረው የሒሳብ ጉዳይ ነው። እትዬ ፍሙን እንደገና አያይዘው ሁለተኛ ጀበና ጣዱና «የፈሰሰውን ማን ይከፍላል?» አሉ። የገመድ አልጋው ኪሱን ዳበሰ፤ ያለው ሁሉ ወደ መተማ ተመድቧል። ሐጂ ምን እንደተባለ በአስተርጓሚ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው የልጅቱን ዜማ በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ ከፈሉ።