«በሞቴ» እንደ መለኪያ፦ በባዕድ አገር አስተማሪ ላይ ስለሚፈጸም ደግነት የቀረበ ጥናት

ወደ አገራችን የገባ ዕርዳታ ሁሉ መዝገብ አለው። ስንት ኩንታል ስንዴ እንደተራገፈ፣ ስንት ጉድጓድ በስንት ብር እንደተቆፈረ የሚጽፍ ሰው ደመወዝ ተቆርጦለት ተቀምጧል። በመርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ ላይ ያለውን ሆስፒታል ካርል ሀይንዝ በም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» እንዳሠራው ቢጠየቅ የሚነግር አይጠፋም። ሆስፒታሉ «እናት» ይባላል። ከእናቶች ወደ ፈረንጅ የሄደው ዕርዳታ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ኦዲተር አልጎበኘውም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

ነገሩ በሰፊው የጀመረው በ1955 ዓ.ም. መባቻ ነው። ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፈቃደኞች፣ በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት አዲስ አበባ ገቡና በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። የአገሪቱን የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ቁጥር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊያደርጉት ምንም አልቀራቸውም። ድርጅታቸው ከኬኔዲ ዘመን ጀምሮ ሦስት ዓላማዎች አሉት፦ የሰለጠነ የሰው ኃይል መስጠት፣ አሜሪካውያንን ለሌላው ሕዝብ ማስተዋወቅ፣ ሌላውን ሕዝብ ለአሜሪካውያን ማስተዋወቅ። ከሦስቱ አንዱም ስለ መብላት አይናገርም። የዕቅዱ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነበር።

ከእነሱ በፊትም ሆነ ከእነሱ ጋር ህንዶች ነበሩ። በንጉሡ ዘመን በክፍለ ሀገር የተማረ ሰው እንግሊዝኛውንም ሒሳቡንም ከህንድ መምህር አፍ መስማቱን ያስታውሳል። ህንዶቹ ከበርበሬ አንጻር ሙሉ ዝግጅት አድርገው የመጡ ብቸኛ የውጭ አስተማሪዎች ስለሆኑ ጥናቱ በልዩ ምድብ አስቀምጧቸዋል። ሥጋ የማይበላው ህንዳዊማ በቀላሉ «ጾመኛ ሰው» ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ክብሩ ከመምህርነት ወደ ምንኩስና ከፍ ይላል።

ለጥናቱ የተመረጠው ደጋ ከመንዝ እስከ ግሼ ያለው ነው። ምርጫው ሳይንሳዊ ምክንያት አለው፤ ብርዱ። ከ3000 ሜትር በላይ በሚወጣው በዚህ አገር እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው። ቤቱ ድንጋይ ነው፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። ገብሱን ውርጭ ሊበላው ይችላል፤ በልጉ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ እዚህ ለእንግዳ የሚቀርበው እንጀራ ከትርፍ የሚወጣ አይደለም። የዕርዳታ ባለሙያዎች «ከበጀት ውጭ ወጪ» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ማንም ፈርሞ ያላጸደቀው መሆኑ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መለኪያው። ደግነት በኪሎ ስለማይመዘን ጥናቱ «በሞቴ»ን እንደ መሠረታዊ አሐድ ወስዷል። «ብላ እንጂ ልጄ» ሩብ በሞቴ ነው። «ምነው፣ አልጣፈጠህም?» ግማሽ ይሆናል፤ ምክንያቱም በላተኛውን ወደ ተከሳሽነት ስለሚለውጠው። ሙሉው «በሞቴ!» ሲመጣ ጎራሹ የሚያስበው ስለ ሆዱ ሳይሆን ስለ አንዲት እናት ሕይወት ነው። «አፈር ስሆን!» ሁለት ያህል ይመዝናል። ከዚያ በላይ ያለውን የሚለካ መሣሪያ አልተሠራም። ጉርሻም የራሱ ሕግ አለው፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ሁለተኛው ግዴታ ነው። ሦስተኛውን የሚያስገድድ ሕግ ጥናቱ ቢያጣም፣ ሦስተኛው ጉርሻ ግን ሳይቀርብ የቀረበትን ማዕድ አላገኘም።

ፈረንጁ አስተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት አጥብቆ የሚያጠናት ቃል «ጠገብኩ» ናት። እዚህ ላይ ለሳይንስ ፍቅር ያለው ሰው ሊያለቅስ ይገባዋል። ቃሏ በአማርኛ መረጃ አትሰጥም፤ እንደ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለች ሰላምታ ናት። ተናግሮ የጨረሰ ሰው ሰሃኑ ላይ አዲስ እንጀራ ይዘረጋለታል። ይባስ ብሎ «ጠገበ» ማለት ኮራ፣ አበጠ ማለትም ነው። ስለዚህ ምስኪኑ «ጠግቤያለሁ» ሲል በሰሙ ስለ ሆዱ ይናገራል፤ ወርቁን ሌላ ሰው ይተረጉምለታል። መንዝ ተቀምጦ ያጠናው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ዶናልድ ሌቪን በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይመስልም። «ትንሽ ቅመስ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ሰሙ ትንሽ ነው፣ ወርቁ ሁለት እንጀራ።

ሌቪን ለሌላኛው የደግነት ዓይነትም ምስክር ነው፤ ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ ተብሎ ተጠርቷል። ስም መስጠት ርካሽ የሚመስል ውድ ዕርዳታ ነው። ስም የወጣለት ሰው ሲታመም ይጠየቃል፣ ለቅሶ ካልደረሰ ይወቀሳል፣ ዓመት በዓል ብቻውን ካሳለፈ መንደሩ ያፍራል።

የቀሩት ባጭሩ ይጠቀሱ። ሻንጣ የሚነጥቁ ተማሪዎች፤ «ቲቸር፣ እኔ ልያዝልዎ» ሲሉ የሚያዩት ቦርሳውን እንጂ እንግሊዝኛውን አይደለም። የመንዝ የበግ ጠጉር ባና፤ ለአንድ ሌሊት ተብሎ ተውሶ እስከ ክረምት የሚከርም። ደግሞ ሰዓት፦ ፈረንጁ በአንድ ሰዓት ተቀጥሮ ሰባት ሰዓት ላይ ሲደርስ «ገና ነው፣ ግባ» የሚለው ባለቤት። ይህ የመጨረሻው ውሸት ቢሆንም ጥናቱ ከደግነት መድቦታል።

የሰላም ጓድ በደርግ ዘመን ተቋረጠ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተቋረጠ፣ ተመለሰ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ደግሞ ኮሮና ከመላው ዓለም ፈቃደኞቹን በአንድ ጊዜ አስጠራ። ዎፎርድ በኋላ የፔንስልቬንያ ሴናተር ሆነ። ወሊሶ ላይ ያስተማረው ፖል ሶንጋስም የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆኖ፣ እስከ ፕሬዚዳንትነት ዕጩነት ተወዳድሯል። ሁለት ሴናተር ያበላች አገር በሰነድ ያገኘችው ምን እንደሆነ በዚህ ጥናት ሠንጠረዥ ላይ በሰረዝ ተመልክቷል።

የመስክ መረጃ ማሰባሰቡም በዘዴ ረገድ ችግር አለው። መጠይቅ ይዞ አንዲት የመንዝ እናት ቤት የሚገባ አጥኚ «እማማ፣ ባለፈው ዓመት ስንት እንግዳ አብልተዋል?» ብሎ ሳይጨርስ እጁ ይታጠባል። ወረቀቱ ምን እንደሆነ ይጠየቃል። ጥናት ነው ይላል።

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ብላ፣ በሞቴ!»

ሠንጠረዡ ላይ አንድ ተጨመረ፤ ከዚያ በታች ያለው ረድፍ ወጥ ስለነካው አይነበብም።