የጠቆረው ደረሰኝ

እናቴ ብርም ሆነ ወረቀት የምታስቀምጠው መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው። የመድኃኒቱንም ደረሰኝ እዚያው ቋጥራ አመጣችልኝ፤ በላብ ርሶ፣ ተጣጥፎ ተጨማዷል። ብሩ እንዲመለስላት ነገ ወረዳ ልናስገባው ነውና ላቃናው ብዬ ካውያ አሞቅሁ። ነጠላ ደርቤ አንዴ አሳለፍሁበት። ነጠላውን ሳነሣ ወረቀቱ ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። ቀን የለ፣ ዋጋ የለ፣ የመድኃኒት ስም የለ። 1,740 ብር እጄ ላይ ከሰል ሆነ።

የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ቀለም እንደማይጠቀም፣ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው እየጠቆረ ጽሑፍ እንደሚያወጣ ያወቅሁት ያን ማታ ነው። እናቴ አልተቆጣችም። «ተወው ልጄ፣ ጤና ከሰጠን ብር ይመጣል» አለች። እኔን ያንገበገበኝ ብሩ የማን እንደነበር ማወቄ ነው። ከጎረቤታችን የተበደረችው ነው፤ ጎረቤታችንም ለዕቁብ ያስቀመጠችው።

እናቴ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ናት። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የእኛ ወረዳ አልነበረበትም፤ ሲደርሰን ግን ቀድመው ከተመዘገቡት አንዷ እሷ ናት። ክፉ ብናገረው ግፍ ይሆንብኛል። ድሮ ሰው ሲታመም በሬ ይሸጥ ነበር። በዓመት አንዴ መዋጮ ከፍሎ፣ ሲያም መታወቂያ ይዞ ጤና ጣቢያ መግባት ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ መድኃኒት ሲያልቅ ነው። የእናቴ ደም ግፊትና ስኳር ደግሞ «ሲመጣ ትወስጃለሽ» የሚባልባቸው በሽታዎች አይደሉም። ያን ጊዜ ማዘዣው ላይ «የለም» ተብሎ ማኅተም ይመታል፤ በሽተኛው ከግል መድኃኒት ቤት በራሱ ብር ይገዛል፤ ከዚያ ማዘዣ፣ ደረሰኝና መታወቂያ ይዞ ወጪው እንዲመለስለት ያመለክታል። እናቴ ብር ሳትይዝ ልትታከምበት የገባችው መድን መጀመሪያ ብር ፈልጊ አላት። ይኼ አይዋጥልኝም። ያለው ከፍሎ ይጠብቃል፤ የሌለው ማዘዣውን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ይብስበታል።

በማግስቱ በባጃጅ ወረዳ ሄድን። የመድኑ ባለሙያ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አገላበጠችው። «እማማ፣ ነገ ኦዲተር ሲመጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለች። እውነቷን ነው፤ ልጣላት አልቻልሁም።

ወደ መድኃኒት ቤቱ ተመለስን። ሻጩ ልጅ የተሸጠው ሁሉ ማሽኑ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ለማውጣት ግን ቀኑን ማወቅ እንዳለበት ነገረን። እኔ ቀን ስቆጥር እናቴ ቀደመችኝ፦ «የሚካኤል ዕለት ነው፣ ከቅዳሴ መልስ።» ልጁ 12ኛውን ቀን ፈልጎ ግልባጩን አተመና ማኅተም መታበት። ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው ይኼን ማድረጉን አልረሳለትም።

ገንዘቡ የተመለሰው በሦስተኛው ወር ነው። እስከዚያ መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ አልቆ፣ እናቴም ሁለት ጊዜ ተበድራለች። የባጃጁን ደግሞ የሚመልስልን የለም። የተቀበለች ዕለት ቤት አልገባችም፤ ቀጥታ ጎረቤታችን ዘንድ ሄዳ ከቋጠሮዋ ፈትታ፣ ቆጥራ ሰጠቻት። መቀነቷ ላይ የቀረው የሚቀጥለው ወር ማዘዣ ብቻ ነበር።