ጠበቃዋ ዶሮ

በሰሜን ስፔን፣ ላ ሪዮሃ በተባለው የወይን አገር፣ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ ከ7000 አይበልጥም። በካቴድራሏ ውስጥ አንድ ነጭ አውራ ዶሮና አንዲት ነጭ ሴት ዶሮ ይኖራሉ። ሥዕል ወይም ሐውልት እንዳይመስልዎ፤ ጥሬ የሚለቅሙ፣ ኩስ የሚጥሉ፣ ደስ ሲላቸው በጸሎት መሐል የሚጮኹ ዶሮዎች ናቸው። ቆጣቸው ከግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በድንጋይ የተፈለፈለ ጌጠኛ ነገር ነው። ቤት ተከራይ የሆነ ሰው ባያየው ይመረጣል።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው ይላሉ። ኡጎኔል የሚባል ጀርመናዊ ወጣት ከእናት ከአባቱ ጋር ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር፣ ወደ ሳንቲያጎ ሊሳለም ሲሄድ በዚህች ከተማ ያድራል። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ትወደዋለች፤ እሱ ግን እሺ አይልም። ተናዳ የብር ዋንጫ በከረጢቱ ደብቃ «ሌባ!» ትላለች። ልጁ ይሰቀላል። ወላጆቹም አልቅሰው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ልብ ይበሉ፣ ሳንቲያጎ ከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ተሳልመው ሲመለሱ ልጃቸው ገመዱ ላይ እንዳለ በሕይወት ያገኙታል፤ ለካ ቅዱስ ዶሚንጎ እግሩን ደግፎ ይዞት ኖሯል። ሮጠው ለዳኛው ይነግሩታል። ዳኛው የተጠበሰ አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ ቀርቦለት ሊቆርስ ነበርና «ልጃችሁ በሕይወት ካለ እነዚህም አሉ» ብሎ ያሾፋል። ጥብሶቹ ላባ አብቅለው፣ ከሳህኑ ተነሥተው ጮኹ።

ዓለም ዶሮዎቹን ያደንቃል። እኔን የሚገርመኝ ዳኛው ነው። ልጁን ለመስቀል አንድ ዋንጫ በቃው፤ ከገመዱ ለማውረድ ግን ምሳው ተነሥቶ መመስከር ነበረበት። እናት እያለቀሰች «ልጄ አለ» ስትለው አላመነም፤ ዶሮ ስትነግረው አመነ። እንዲህ ያለ ዳኛ ስፔን ብቻ ይወለዳል የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በስላ የተነሣች ዶሮ ብርቅ አይደለችም። በጸሎተ ሐሙስ የሚነበበው መጽሐፈ ዶርሆ፣ ጌታ በማዕድ የቀረበለትን የታረደ ዶሮ አስነሥቶ ይሁዳን እንዲከታተል እንደላከው ይተርካል። የእኛው ሲነሣ ሥራ ተሰጠው፤ የእነሱ ሲነሡ ቤት ተሰጣቸው።

ቤቱም ቢሆን እንደ ኪራይ ቤት ነው። ዶሮዎቹ በፈረቃ ይሠራሉ፤ ጥቂት ሰንብተው በሌሎች ነጭ ዶሮዎች ይተካሉ። በ1350 (እ.ኤ.አ.) የተጻፈ ሰነድ እነሱን ለሚመለከት ምእመን ከኃጢአት ቅጣት ምሕረት ይሰጥ ነበር። የድሮ ተጓዦች ላባቸውን ለምነው ባርኔጣቸው ላይ ይሰኩ ነበር። የዛሬው ደግሞ ስልኩን አንጋጦ ይጠብቃል፤ ካቴድራሉ ውስጥ ሳለ ዶሮው ከጮኸለት መንገዱ ይቃናል ተብሏልና። ዶሮው ግን ሃይማኖትም ቀጠሮም የለውም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው።

ወሬው ሲጥም ባለቤት ይበዛበታል። 12ኛው መቶ ዘመን ላይ በተዘጋጀው የቅዱስ ያዕቆብ መጽሐፍ ውስጥ ልጁ የተሰቀለው ፈረንሳይ፣ ቱሉዝ ነው፤ ዶሮም የለበትም። ፖርቱጋል ውስጥ ባርሴሎስ የምትባለው ከተማም በበኩሏ ከሳህን ተነሥቶ የጮኸ አውራ ዶሮ አላት፤ እሱማ ቀለም ተቀብቶ የአገር ምልክት ሆኗል። ተአምሩ አንድ፣ ባለርስቱ ሦስት።

የከተማዋ ሰው ቀልድ ያውቃል መሰለኝ። ዳቦ ቤቶቿ በለውዝ የተሞላ፣ «አኦርካዲቶስ» የሚሉት ጣፋጭ ይሸጣሉ። ትርጉሙ «ትንንሾቹ ስቅሎች» ማለት ነው። ያን ምስኪን ልጅ ከሰቀሉት በኋላ በደርዘን አሽገው ለእንግዳ ያስይዙታል። የካቴድራሉ የደወል ማማም ከቤተ ክርስቲያኑ ተለይቶ ለብቻው ቆሟል፤ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት በመሐላቸው መንገድ ያልፋል።

በዚህ ሁሉ መሐል የተረሳው ቅዱሱ ሰውዬ ራሱ ነው። ዶሚንጎ በ1019 (እ.ኤ.አ.) ቪሎሪያ በምትባል መንደር ተወለደ። መነኩሴ ልሁን ብሎ ገዳም ቢያንኳኳ አልቀበል አሉት። እሱም ጫካ ገብቶ ብቻውን ተቀመጠና ተጓዡ በጭቃና በወንዝ ሲቸገር አየ። ከዚያ ጫካውን መነጠረ፣ መንገዱን በድንጋይ ነጠፈ፣ ኦሃ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፣ ለተጓዦች ማደሪያ አቆመ። «ካልሳዳ» ማለትም የተነጠፈ መንገድ ነው። በ1109 ሲሞት ትቶት የሄደው ይህን ነው። የስፔን የመንገድና የድልድይ መሐንዲሶች ጠባቂያችን ይሉታል። ድሃ በነፃ ያደረበት ማደሪያው ዛሬ ባለ ኮከብ ሆቴል ሆኗል፤ ድሃ ቢመጣ በር ላይ ያለው ሰው የሚለውን መገመት አያቅትም።

ዕረፍቱ ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ በእነሱ ሜይ 12 ይከበራል። ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች የዳቦ መሶብ በራሳቸው ተሸክመው በከተማዋ ይዞራሉ፤ ሰውየው መንገደኛ ያበላ ስለነበረ ነው። ያን ሰሞን ዶሮዎቹም ትንሽ ይረሳሉ።

መቃብሩ ከቆጡ ፊት ለፊት ነው። ከሄዱ ግድ የለም፣ መጀመሪያ ወደ ዶሮዎቹ ያንጋጡ፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ሲወጡ ግን ኦሃን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ጥቂት ይቁሙ። ዶሮ የለበትም።