የመዝገቦች እድር

ተረት ተረት! የላም በረት።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ፈርሶ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደየአቅጣጫው ሲበተን፣ አንዲት አሮጌ የእድር መዝገብ መስቀል አደባባይ ዳር፣ በቀድሞው የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት፣ በአዲስ አበባ ሙዚየም አደረች። በዚያ ሌሊት ከለንደን የመጡ መዝገቦችም እንግዶች ነበሩ።

«እኔ ዘንድ የወርቅ ዘውድና ጽዋ አለ» አለ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየሙ።

«እኔ ዘንድ 350 ገደማ ብራና አለ» አለ የብሪቲሽ ላይብረሪው።

«ከየት አመጣችኋቸው?» አለች የእድሯ መዝገብ።

«ከመቅደላ» አሉ እኩል፤ ተያዩም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሲወድቁ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጫነ ከሚባለው ዘረፋ የተወለዱት፣ አንድ ከተማ ኖረው አይጠያየቁም ነበር።

«በእኛ ሰፈር አባወራ ሁሉ ቁጥር አለው» አለች የእድሯ መዝገብ። «አንዱ በክርስትና ስሙ፣ ሌላው በቁልምጫ ቢጠራው ቁጥሩ አይለወጥም። ከጎኑ የማን ባል፣ የማን ዋስ እንደሆነ፣ የት እንደገባ ተጽፏል። ገላን ጉራ ሰው ሲሞት ቂርቆስ የቀረው ወዳጁ የሚደርስለት በዚህ ነው። እናንተም ለቴዎድሮስ አንድ ቁጥር፣ ለመቅደላ አንድ ቁጥር ስጡና ለሁሉም ክፍት አድርጋችሁ በአጭሩ ጻፉ፦ ዘውዱ፣ የተወሰደው፣ ከመቅደላ። ብራናው፣ የተወሰደው፣ ከመቅደላ። ከመደርደሪያ ሳይነሡ ይገናኛሉ።»

ባለሙያዎች ይህን የተያያዘ ክፍት ዳታ ይሉታል፤ ዊኪዳታም ለሰውም ለቦታም አንድ አንድ ቁጥር እየሰጠ የሚሠራው እንዲሁ ነው። በዚህ ብቻ ዘውዱ አገሩ አይገባም። ግን ምን እንደተወሰደበትና የት እንዳለ የማያውቅ ሕዝብ ምን ብሎ ይጠይቃል?

«ደጄን ከከፈትኩማ ማን ያከብረኛል?» አለ የዘውዱ መዝገብ። «እስከ ዛሬ ፈቃድ የሚጠይቀው እኔን ነበር።»

«የእድር ጡሩምባ ፈቃድ ጠይቆ አይነፋም» አለችው።

ጥግ ላይ ዝም ብሎ የነበረው የብሪቲሽ ሙዚየም መዝገብ ቀና አለ። «እኔ ዘንድ 11 ታቦታት አሉ። ዓይን ሊያያቸው አይገባም። እንዴት ልክፈት?»

እሷም ብዙ አሰበች። «ያሉበትን ተናገር፤ ከየት እንደመጡ፣ ማን እንዳመጣቸው ተናገር። መልካቸውን ግን አታሳይ። መንደሩ ሁሉ የታመመውን ያውቃል፤ ብርድ ልብሱን የሚገልጥ ግን የለም። የሚገባውንና የማይገባውን ካህናቱን ጠይቅ።»

በመጨረሻ ባለቤቱ፣ የአዲስ አበባው መዝገብ፣ አንገቱን ደፍቶ ተናገረ። «እትዬ፣ የእኔስ ፎቶግራፎች? ከፊሎቹ የማን እንደሆኑ አልተጻፈም፤ ሰፈሩ ደግሞ ፈርሷል።»

«የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ» አለችው፤ «አድራሻቸው እኔ ጋ ነው። ሳያልፉ ድረስባቸው። በአማርኛ ጻፍ፣ ቁጥር ስጥ፣ ለሁሉም ክፈት። ዘመዶችህን ሌላ ሰው እስኪቆጥርልህ አትጠብቅ።»

እናንተ ከካዛንቺስ የተነሣችሁ ወገኖች፣ በየሣጥናችሁ ያለውን ፎቶግራፍ አውጡ። ከጀርባው በእርሳስ ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ በየትኛው ግቢ እንደተነሣ ዛሬውኑ ጻፉበት።