የካፕሊንግ ሊቅ

ከማልክደው ልጀምር። ጣውላ ቆርጬ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ስለ ጣውላ መቁረጫ ማሽን ግን በቡና ሰዓት የጀመርኩትን ወሬ እስከ እራት ማድረስ እችላለሁ። ሜሪላንድ በሚገኘው ቤታችን ጋራዥ ውስጥ ሾፕስሚዝ ማርክ 5 የሚባል የእንጨት ሥራ ማሽን ተንሰራፍቷል። መኪናችን ውጭ በረዶ ይወርድባታል።

ማሽኑ ምንም አልበደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሃንስ ጎልድሽሚት የተባለ ጀርመን ተወላጅ ያሰበው ነው፤ ሰፊ ቦታና ብዙ ገንዘብ ለሌለው ሰው የአምስት ማሽን ሥራ በአንድ ሞተር። ማርክ 5 የሚባለው ዓይነት ገበያ የወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ሞተሩን የተሸከመው ራስ በሁለት ረጃጅም ቱቦዎች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። መጋዝ ሲታሰርበት መጋዝ ነው፣ እንጨት ሲታሰርበት ቶርኖ፣ የብርጭቆ ወረቀት የተለጠፈበት ዲስክ ሲታሰርበት ማለስለሻ። አግድም ይበሳል፤ ቱቦዎቹን ቀጥ አድርገው ሲያቆሟቸው ደግሞ ቁልቁል ይበሳል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

እኔ ተጨማሪ ፈለግኩ። በማሽኑ ግራ ጫፍ ላይ የራሳቸው ሞተር የሌላቸው ሌሎች መሣሪያዎች ይሰካሉ፤ ፒያላ አለ፣ ምላጩ እንደ ሪባን የሚዞር መጋዝም አለ። ኃይላቸውን የሚበደሩት ከዋናው ሞተር ነው። ማበደሪያው ካፕሊንግ ይባላል፤ አንድ ክብ ብረት በማሽኑ ዘንግ ላይ፣ አንድ ክብ ብረት በፒያላው ዘንግ ላይ፣ በመካከላቸው ሁለቱን የሚያጨባብጥ ጎማ። ሦስቱን ባንድ እጅ መጨበጥ ይቻላል። የእኔ ውድቀት እንግዲህ በዚህች ጭብጥ ውስጥ አለቀ።

ማሽኑን የሸጡልኝ ሽማግሌ በመጨረሻ አንድ የቡና ቆርቆሮ አመጡ። ውስጡ ልዩ ልዩ ክብ ብረት፣ የተሰነጣጠቀ ጎማና ሮንዴላ ሞልቶታል። «የትኛው የምን እንደሆነ ታውቃለህ አይደል?» አሉኝ። እኚህ ሰው በማሽኑ ግማሽ ዕድሜያቸውን ሠርተውበታል፣ ጊዜ አላቸው፣ ሊያስረዱኝም ቋምጠዋል። «እንዴታ!» አልኳቸው። ቆርቆሮውን እንኳ በደንብ አላየሁትም። ሰው እንዳላዋቂ ሲያየኝ ጆሮዬ ይግላል፤ ስለዚህ ጆሮዬን ለማቀዝቀዝ ስንት ገንዘብ እንዳወጣሁ ባለቤቴ ባታውቀው ይሻላል።

ከቆርቆሮው ውስጥ የገጠመልኝ አልነበረም፣ ወይም የገጠመልኝን አላወቅኩትም። አዲስ ላዝዝ ወሰንኩ። የዘንጉን ውፍረት ለካሁ፤ በካሊፐር እንዳይመስላችሁ፣ በልጄ የትምህርት ቤት ማስመሪያ ነው። 16 ሚሊሜትር። ቀዳዳው 16 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ብረት አዘዝኩ፤ መጣ፤ ሰተት ብሎ ገባ። ሲገባ የተሰማኝን ደስታ ልደብቀው አልችልም። ነገር ግን ይህን ማሽን የሠሩት ሰዎች በኢንች ነው የሚያስቡት። ዘንጉ ከኢንች ስምንት እጅ አምስቱ ነው፤ ይህም 15.875 ሚሊሜትር ማለት ነው። በእኔና በእውነቱ መካከል የሚሊሜትር አንድ ስምንተኛ ነበረች።

ለበር መጋጠሚያ ቢሆን ማንም ቁብ አይሰጣትም ነበር። ለሚሽከረከር ነገር ግን ብረቱን ዘንጉ ላይ የሚያስረውን ብሎን በብሩጎላ ባጠበቅኩት ቁጥር ብረቱን ወደ አንድ ጎን እየገፋው ከመሀል ያስወጣዋል። ማሽኑ በዝቅተኛው ፍጥነቱ እንኳ በደቂቃ 700 ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ ያቺ ስህተት በሰከንድ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ግድግዳውን ትደበድባለች። መደርደሪያው ላይ የነበሩት የቀለም ጣሳዎች አንድ በአንድ ወረዱ። እኔ ምን አደረግኩ? ወለሉ ዘንበል ያለ ነው አልኩ። ቀጥሎ ኩሽኔታው አልቋል አልኩ። በመጨረሻ ኢንችን የሚጠቀም ሕዝብ በሙሉ ተወቀሰ።

የተገላገልኩት መርካቶ ውስጥ በጣሊያን ኮምባይንድ ማሽን ሲሠሩ ኖረው ልጃቸውን ለመጠየቅ በመጡ አንድ ጋሼ ነው። መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። ዘንጉን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ይሄ እኮ አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። ብሎኑ የሚያርፈው እዚህች ላይ ነው። አንተ በክቡ በኩል አስረኸዋል» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ ጋሼ» አልኩ። አላየሁትም።

«ደግሞ ቀዳዳው ሰፊ ነው።»

«እሱንም አስቤበት ነበር።»

ዝም ብለው አዩኝና ቆርቆሮውን ጠየቁኝ። እጃቸውን ከተው ካማሰሉ በኋላ አንድ ክብ ብረት አውጥተው ዘንጉ ላይ ገፋ አደረጉት፤ ልክክ አለ። ከዚያም ጎማው ብረቱ ላይ ተጨፍልቆ እንዳይቀመጥ፣ ትንሽ መተንፈሻ እንዲተውለት፣ አለበለዚያ ገፍቶ ኩሽኔታ እንደሚበላ ነገሩኝ። «ለመሆኑ ምን ልትሠራ ነው?» አሉኝ እጃቸውን እየጠረጉ።

«አሁን እየለየሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ዕቃውን።»

«ከለየህ በኋላስ?»

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን መልስ የለኝም። ማሽኑ በማግስቱ እንደ ሰዓት ሠራ፤ አንድ ቁራጭ ጣውላ በፒያላው ላይ አሳለፍኩና አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ የተመለስኩት ወደ ጣውላው ሳይሆን ወደ ቆርቆሮው ነው። ካሊፐር ገዛሁ። እያንዳንዱን ክብ ብረት ለክቼ፣ ቀዳዳውን፣ የብሎኑን ቦታ፣ የጎማውን ጥርስ መዝግቤ፣ ስም የተጻፈበት ትንንሽ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። የማሽኑ ምርት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቆሞ እንደነበር፣ በ1972 እ.ኤ.አ. ጆን ፎልከርዝ የሚባል ሰው ማምረቻውን ገዝቶ ኦሃዮ ላይ እንዳስጀመረው ለእንግዳ ሁሉ እተርካለሁ። የፍጥነት መቀየሪያው ማሽኑ ቆሞ ሳለ እንደማይነካ፣ ይህም ቺንጊያው በሚሰፉና በሚጠቡ ፑሌጃዎች ላይ የሚሄደው በሚዞርበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ መሆኑን፣ በእጄ እያሳየሁ አስረዳለሁ። እንግዳው ጋራዡን እያየ፣ «ታዲያ የሠራኸው የት አለ?» ሲል ቡና አፍልተን እንደሆነ እጠይቃለሁ።

ለቡናው መቀመጫ የሚሆን በርጩማ እንድሠራላት ባለቤቴ ለምናኝ ነበር። ዋንዛ እንኳ ባይገኝ ኦክ ይሁን ብላ እንጨቱን ራሷ ገዛች። የጎማው ጥራት ስላላረካኝ ትንሽ ጠብቂኝ አልኳት። በመጨረሻ ከሐበሻ ሱቅ ገዝታ መጣች። ገልብጬ የእግሩን አገጣጠም አየሁና ቶርኖው ላይ ያዞረው ሰው እጁ ያልተረጋጋ መሆኑን ነገርኳት። ያን ቀን እራት ብቻዬን በላሁ።

ዝናዬ ግን ወጥቷል። አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ ያገራችን ልጅ ይኸው ማሽን ኖሮት፣ የካፕሊንጉን ፎቶ ላከልኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ የትኛው ነው? ለሚወለደው ልጄ አልጋ ልሠራ ነበር» አለኝ። እንደ ሐኪም ተቀበልኩት። በጎን በኩል አንሣልኝ፣ ብሎኑ በየት እንደሚገባ አሳየኝ፣ ቀዳዳውን በካሊፐር ለካ፣ በማስመሪያ እንዳትሞክረው አልኩት። ማስመሪያ ስለሚጠቀሙ ሰዎች ጥቂት ንቀት የተቀላቀለበት ምክርም ጨመርኩ። ቆየት ብዬ አንድ ፎቶ እንደሚቀረኝ ጻፍኩለት።

የላከልኝ የአልጋውን ፎቶ ነው። ካፕሊንጉን ሰፈሩ ያለ ብረት ቆራጭ ቤት ወስዶ በዘንጉ ልክ አስቀርጾ፣ አልጋውን ጨርሶ፣ ቀለም ሁሉ ቀብቶታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ምክርህ ረድቶኛል» ይላል። እንኳን ማርያም ማረችልህ የሚባልበት ቀን ገና ስለሆነ፣ «ጎበዝ» ብዬ መለስኩለት። ከዚያ ፎቶውን አጎላሁት። ከአልጋው ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ የማሽኑ ግራ ጫፍ ትንሽ ይታያል፤ ጎማውም በጣም ተጠግቶ ነው የተቀመጠው። ይህንን በዝርዝር ጻፍኩለት። አላነበበውም መሰለኝ።