ባዶዋ ሰሌን

ተረት ተረት! የላም በረት በሉኝ። የዛሬው በረት ግን የብረት ሳጥን ነው።

ጠረጴዛ ሥር በተቀመጠች በዚህች ሳጥን ውስጥ አንድ ግቢ ነበረ፤ ንጉሡም ከርነል ይባል ነበር። ከርነል የዕቃዎችን ቋንቋ አያውቅም፤ ስለዚህ ለየዕቃው አንዳንድ አስተርጓሚ ሾሟል። እኛ ባለሙያ ነን ባዮች ድራይቨር እንላቸዋለን። ስሙ ሹፌር ያስመስላቸዋል እንጂ ሥራቸው የቱርጁማን ነው። ከሁሉም የከበሩት ሁለት ናቸው፦ የኔትወርኩን በር ይዞ ደብዳቤ የሚያስገባና የሚያስወጣው አጋፋሪ፣ እና የጎተራው ቁልፍ ያለበት በጅሮንድ።

ሁለቱም ምስጉን ነበሩ። አጋፋሪ ደብዳቤ ሲመጣለት ግቢው ውስጥ ቦታ ፈልጎ ያስቀምጣል፤ ማኅተሙን የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። በጅሮንድ ደግሞ ከጎተራ «ደርሶኛል» የሚል ደረሰኝ ሳያይ የአንዲት ጆንያ ቦታ አያስለቅቅም፤ እህሉ መንገድ ላይ ቢጠፋ ማን ይከፍላል? እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ማን ይነቅፋል!

ድሮ ጎተራው እዚያው ከግቢው ሥር ነበር። በጅሮንድ ጆንያውን ቁልቁል ይለቀዋል፣ ከታች «ደርሷል» ይሉታል፣ አለቀ። ኋላ ግቢዎች ሲበዙ ለሁሉም የሚሆን አንድ ትልቅ ጎተራ ከወንዝ ማዶ ተሠራ። ወጪው ይቀንሳል፣ ለጥበቃም ይመቻል ተባለ፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጆንያውም ደረሰኙም በአጋፋሪ በር ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ሁለቱን ሹማምንት አንድ ላይ አስቀምጦ «ግቢው የሞላ ዕለትስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ለየብቻ ተፈትነው ለየብቻ አልፈዋል።

በወሩ መጨረሻ ዕለት እህል ከየአቅጣጫው ጎረፈ። ግቢው ጢም አለ። በጅሮንድ እየተጣደፈ ጆንያዎቹን ወደ ማዶ ላከ፤ ማዶ ያሉትም ተቀብለው ደረሰኝ ጻፉ። ደረሰኙ በር ላይ ሲደርስ አጋፋሪ ዞር ብሎ ግቢውን ቃኘ። መዳፍ የምታህል ባዶ ቦታ የለችም።

«ጌታዬ በጅሮንድ፣ ደብዳቤ መጥቷልና ማስቀመጫ ያስለቅቁልኝ።»

«ደረሰኜ ሲመጣ አስለቅቃለሁ።»

«ምናልባት ይህ ይሆናላ።»

«እንግዲያው አንብበው ይንገሩኝ።»

«ሳላስቀምጥ አላነብም፤ ሥርዓቴን ያውቁታል።»

«የእኔንም እርስዎ ያውቁታል።»

እዚያው ቆመው ቀሩ። ደረሰኙን ሲጠብቅ በጅሮንድን የያዘው እንቅልፍ ተራ እንቅልፍ አልነበረም፤ የሞት ፍርድ ቢነበብለት እንኳ የማይነቃበት ዓይነት ነው፤ ከጎተራ መልስ እስኪመጣ ድረስ መግደልም አይቻልም። ጆንያ ሊያስቀምጥ የመጣ ከኋላው ቆመ፣ ከዚያ ሰው ጋር ጉዳይ ያለው ደግሞ ከዚያ ሰው ኋላ። የግቢው ዘብ ቆጠረ ቆጠረና «በጅሮንድ ከ120 ሰከንድ በላይ አልተንቀሳቀሱም!» ብሎ ጮኸ። ከጮኸ በኋላ ወደ ቆጠራው ተመለሰ፤ የተሾመው ለመጮህ ብቻ ነበርና።

ከሳጥኑ ውጭ ደግሞ መስኮት ላይ የተቀመጠች ልጅ ማውሷን ታንቀሳቅሳለች። ቀስቷ ትሄዳለች፤ ብትጫናት ግን የሚመልስላት የለም። ከፊቷ ለተሰለፉት እናት ሁላችንም በቃላችን የምናውቀውን ነገረቻቸው። «ሲስተም የለም፣ እማማ።» ኧረ ነበረ። ሁሉም በየቦታው፣ በየሥርዓቱ ቆሞ ነበር።

አንድ ጎረምሳ መጥቶ ገመዱን ነቅሎ ሰካው። ግቢው ባዶ ሆኖ ተነሣ፣ ሥራ ቀጠለ፣ ጎረምሳው ተመሰገነ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻም ያው ሆነ፤ ያው ጎረምሳ ያንኑ ገመድ ነቀለ።

በሦስተኛው ወር ከርነል መርማሪዎች አዘዘ። አንደኛው መርማሪ አጋፋሪን ከሥራ አግዶ እህሉን ከግቢው ሥር ወዳለው አሮጌ ጎተራ አስወረደ። ምንም አልቆመም። «ጥፋተኛው አጋፋሪ ነው!» አለ። ሁለተኛው አጋፋሪን መልሶ በጅሮንድን አገደ፤ ጆንያ የሚያንቀሳቅስ ጠፋ፣ ደብዳቤው ግን እንደ ውኃ ፈሰሰ። «ጥፋተኛው በጅሮንድ ነው!» አለ። ሁለቱም በዓይናቸው ያዩትን ነው የመሰከሩት። ግቢው የበር ወገንና የጎተራ ወገን ተብሎ ተከፈለ። የሁለቱን ሹማምንት የዘር ሐረግ መቁጠር የጀመሩም ነበሩ፤ ይህ እንኳ ከሳጥን ውጭም ይታወቃል።

ሦስተኛዋ መርማሪ የዕለቱን መዝገብ ስጡኝ አለች። መዝገቡ ከጠዋት ጀምሮ ደህና ይነበባል፤ ልክ ግቢው በሞላበት ሰዓት ላይ ሲደርስ ነጭ ወረቀት ነው። መዝገቡም እኮ የሚቀመጠው ማዶ ጎተራ ውስጥ ነው! የመጨረሻዋ ገጽ ተጽፋለች፣ ግን እንደ ሌላው ጆንያ ሁሉ ሳትሻገር ቀረች፤ ገመዱ ሲነቀልም ጠፋች። (ስክሪኑ ላይ የቀረውን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስቀመጠ ባለሙያ ይህን ቦታ ሲያነብ ፈገግ ይበል።)

«እኔ አንብቤዋለሁ» አለ ከጓዳ አንድ ልጅ። የመዝገብ ጸሐፊው ደቀ መዝሙር ነበር። «ጋሼ ሲጽፉ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ አየሁ። ጃንሆይ፣ ማንም አልበደለም። ደረሰኙ በሩ ላይ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ከርነል።

«ከግቢው ጥግ የአንዲት ሰሌን ስፋት ባዶ ትቀመጥ። እህል አይረፍባት። አጋፋሪ ቦታ ሲያጡ ደብዳቤውን እዚያ አኑረው ይክፈቱ። የጎተራ ደረሰኝ ከሆነ ለበጅሮንድ ይሰጥ፤ ሌላ ከሆነ ወዲያ ይጣል። ላኪው መልስ ሲያጣ ደግሞ ይልካል።»

ደብዳቤ ይጣል ሲባል አጋፋሪ አመመው። በጅሮንድም ባዶ መሬት ማየት ብክነት መሰለው። ተረት ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሊኑክስ የተባለው እውነተኛ ከርነል የመጠባበቂያ ማኅደረ ትውስታውን በኔትወርክ በኩል ማዶ እንዲያስቀምጥ የተፈቀደለት፣ ከዓመታት ክርክር በኋላ፣ እንዲህ ያለች ሰሌን ተነጥፋለት ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.6 ሥሪት ላይ።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ። ግቢው እንደ ልማዱ ጢም አለ። አንድ ባለ ካባ መኮንን የወዳጁን ደብዳቤ ሊቀበል በር ላይ ቆሞ ነበር። አጋፋሪ ደብዳቤውን ሰሌኗ ላይ አኑሮ ማኅተሙን ፈታ፤ የጎተራ አልነበረምና ባለ ካባው እያየ ወደ ውጭ ወረወረው።

«የእኔን ደብዳቤ! ባዶ ቦታ እያለ! ለመሆኑ ሰሌኗ የማን ናት?»

«የማንም አይደለችም፣ ጌታዬ» አለ ልጁ።

ቀጥሎ የመጣው ደረሰኙ ነበር። በጅሮንድ አንብቦ ዐሥር ጆንያ አስለቀቀ፤ በዐሥሩ ቦታ ሌላ ደረሰኝ ገባ፣ ቀስ በቀስም የግቢው መሬት መታየት ጀመረ። ያን ዕለት ገመድ የነቀለ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌኗ ላይ አንድ የታጠፈ ጃንጥላ ተገኘ። ባለቤቱን ሲጠይቁት፣ «ለአንድ አፍታ ነው» አለ።